የ30-60-90 ቀን ዕቅድ ቅጾች ለሽያጭ ቃለ መጠይቅ ምን ያህል ይረባሉ?

ለሽያጭ ሥራ ቃለ መጠይቅ የሚቀርብ ሰው «ብቀጠር የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት እንዲህ እሠራባቸዋለሁ» የሚል የጽሑፍ ዕቅድ ይዞ ቢገባ ጠያቂዎቹ ልብ ይሉታል። ይህን ያቀልላሉ የተባሉ የ30-60-90 ቀን ቅጾች ኢንተርኔት ላይ ሞልተዋል፤ በነፃ የሚወርዱም የሚሸጡም አሉ። በወርድም ሆነ በፓወርፖይንት ቢሠሩ አጽማቸው አንድ ነው፦ የመጀመሪያው ወር ለመማር፣ ሁለተኛው በሌሎች እገዛ ለመሸጥ፣ ሦስተኛው ራስን ችሎ ለመሥራት።

አጽሙ ጥሩ ነው፤ መንካት አያስፈልግም። ችግሩ ቅጾቹ አስቀድመው ሞልተው የሚያቀርቡት ሐረግ ነው። «ከደንበኞች ጋር ጠንካራ ግንኙነት መፍጠር» የሚለውን የሽያጭ ኃላፊው ከየአመልካቹ ይሰማዋል፤ መፈጸም አለመፈጸሙንም የሚለካበት መንገድ የለውም። በምትኩ «እስከ 20ኛው ቀን 10 ነባር ደንበኞችን አነጋግሬ ለምን እንደገዙ፣ ግዢውን ማን እንደወሰነና ከየትኞቹ ሻጮች ጋር እንዳወዳደሩ እመዘግባለሁ» ቢባል ቀኑም፣ ቁጥሩም፣ የሚገኘው ውጤትም ይታያል።

ከሁሉ የሚብሰው ጉድለት ግን አብዛኞቹ ስሌት የሚሠራበት ቦታ የሌላቸው መሆኑ ነው። የ3 ወር ኮታው (ሻጩ እንዲሸጥ የሚጠበቅበት መጠን) 600,000 ብር፣ አንድ ሽያጭ በአማካይ 20,000 ብር ነው እንበል፤ 30 ሽያጭ ያስፈልጋል። ዋጋ ከቀረበላቸው 5 ደንበኞች አንዱ የሚገዛ ከሆነ 150 የዋጋ ማቅረቢያ፣ ከ2 የመጀመሪያ ውይይቶች አንዱ እዚያ ደረጃ የሚደርስ ከሆነ ደግሞ 300 ውይይት ይጠይቃል። አንዱ ወር ለመማር ሲውል የሚቀሩት 8 ሳምንታት ገደማ ናቸው፤ በሳምንት 38 ውይይት ይደርሳል። ለአዲስ ሠራተኛ ይህ ከባድ ጭነት ስለሆነ፣ ኮታውን በሙሉ ከመማል ይልቅ በግማሹ ጀምሮ ምክንያቱን በዚሁ ስሌት ማሳየት ይሻላል። ከመጀመሪያ ትውውቅ እስከ ውል 4 ወር በሚፈጅ ሥራማ በ90ኛው ቀን ውል አስፈርማለሁ ማለት ገበያውን አለማወቅን ያጋልጣል። እዚያ ላይ የሚጻፈው በዋጋ ማቅረቢያ ደረጃ የሚደርሱት ደንበኞች ብዛት ነው።

ስለዚህ ቅጹ ላይ «ግምት» የሚል አንድ ዓምድ ጨምሩ። ከሥራ ማስታወቂያው ወይም ከድርጅቱ ዓመታዊ ሪፖርት የተገኘው ቁጥር ምንጩ ይጻፍበት፤ የቀረው ግምት መሆኑ በግልጽ ይቀመጥ። ከዚያ በቃለ መጠይቁ ላይ «አማካይ ሽያጩን 20,000 ብዬ ይዣለሁ፤ ትክክለኛው ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅና እዚያው በእስክሪብቶ ማረም ይቻላል። ጠያቂው ቁጥሩን ሲያርም ዕቅዱን አብሮ መሥራት ጀምሯል፤ ቅጹ ሊሰጥ የሚችለው ትልቁ ጥቅም ይህ ነው።

የሚሸጡት ቅጾች የሚበልጡት ባብዛኛው በቀለምና በገጽ ብዛት ነው፤ 15 ስላይድ ማንም ተረጋግቶ አያነብም። ሁለት ገጽ ይበቃል፤ ለዚያ ደግሞ የነፃው አያንስም። ከማተማችሁ በፊት በቅንፍ የቀረ «የድርጅት ስም» ወይም ለሌላ ቀጣሪ የተጻፈ ስም አለመኖሩን ፈትሹ። የቀድሞ መሥሪያ ቤት የደንበኞች ዝርዝርና የውስጥ ዋጋ ፈጽሞ አይግባ፤ ውል ማፍረስ ሊሆን ይችላል፣ አዲሱ ቀጣሪም ነገ የእሱን ምስጢር እንደምታወጡ ያስባል።

ዕቅዱ የሚወጣው ገና ሲገባ ሳይሆን የሽያጭ ኃላፊው ስለ መጀመሪያዎቹ ወራት ሲጠይቅ ነው። ለእያንዳንዱ ጠያቂ አንድ፣ ለራስም አንድ ቅጂ ያስፈልጋል። የታረሙት ቁጥሮች ገብተውበት ስሌቱ እንደገና ተሠርቶ በማግስቱ ከምስጋና ጋር በኢሜይል ይላክ።