ለሠርግ የትኛው ፍላሽ ይሻላል? ቲቲኤል ወይስ ማኑዋል ብቻ የሆነው

የመጀመሪያ ፍላሹን የሚገዛ ፎቶ አንሺ ብዙ ጊዜ በሁለት ዓይነት ዕቃ መካከል ይዋልላል። ከፍላሽ አምራቹ ጎዶክስ ምርቶች ቲቲ600 እና ቲቲ685 ጥሩ ምሳሌ ናቸው። መልካቸው ተቀራራቢ ነው፤ ሁለቱም አራት ዳብል ኤ ባትሪ ይጎርሳሉ፤ የብርሃን አቅማቸውም በፋብሪካው መለኪያ እኩል 60 ነው። ቲቲ685 የሚወደደው በዋናነት ከካሜራው ጋር ተነጋግሮ የብርሃኑን መጠን በራሱ መወሰን ስለሚችል ነው። በቲቲ600 ላይ የሚወስኑት እርስዎ ብቻ ነዎት።

በራሱ የሚወስነው አሠራር ቲቲኤል ይባላል። የማንሻው ቁልፍ ሲጫን ፍላሹ መጀመሪያ ደከም ያለ ብልጭታ ይልካል። ካሜራው ተንጸባርቆ በሌንሱ በኩል የተመለሰውን ብርሃን ይለካል፤ ከዚያ ሹተሩ ተከፍቶ ዋናው ብልጭታ ይወጣል። ካኖን ይህን የቅድመ ብልጭታ ዘዴ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። በማኑዋል ግን ቁጥር ይመርጣሉ፦ ሙሉ ኃይል 1/1፣ ግማሹ 1/2፣ እንዲህ እየተጋመሰ እስከ 1/128። የመረጡት ቁጥር ራስዎ እስኪቀይሩት ድረስ ንቅንቅ አይልም።

ሙሽሮች በእልልታና በጭብጨባ ወደ አዳራሹ ሲገቡ የቲቲኤል ጥቅም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከስድስት ሜትር ተነሥተው ሁለት ሜትር እስኪቀርቡ ድረስ፣ ኃይሉ ካልተቀየረ በቀር፣ የሚያርፍባቸው የፍላሽ ብርሃን ዘጠኝ እጥፍ ይጨምራል፤ ርቀቱ በሦስት ሲቀንስ ብርሃኑ በሦስት ጊዜ ሦስት ያድጋልና። በዚያ ግፊያ መሀል፣ ሚዜው ከፊት እየተጋረደ፣ በየእርምጃው ቁጥር መቀየር የማይሞከር ነው። ቲቲኤል እያንዳንዱን ፎቶ እንደ አዲስ ለክቶ ይከተላቸዋል።

ችግሩ የሚመጣው ከልብሱ ነው። ካሜራው የሚለካው የተንጸባረቀ ብርሃን እንጂ ልብሱ ነጭ ይሁን ጥቁር አያውቅም፤ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣው ይሞክራል። ሙሽራዋ በሀበሻ ቀሚስና በነጠላ ምስሉን ሞልታው ስትቆም ብርሃኑ የበዛ ይመስለውና ይቀንሳል። ቀሚሱ አመድማ ይሆናል፤ የጥለቱ ቀለም ይደበዝዛል፤ ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የጠይም ፊቷ መጨለም ነው። ቀጥሎ ሙሽራው በጥቁር ሱፍ ሲጠጋ ደግሞ ተቃራኒው ይሆንና ፊቱ ይነጣል። በሰከንዶች ልዩነት የተነሡ ሁለት ፎቶዎች በአልበሙ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የአንድ ቀን አይመስሉም። መድኃኒቱ ቲቲኤል የለካውን ብርሃን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የፍላሽ ማካካሻ ነው፦ ነጭ ሲበዛ ወደ +1 አካባቢ መጨመር፣ ጥቁር ሲበዛ መቀነስ። ካኖንና ኒኮን ልኬቱን በፊት ላይ ወስዶ የሚቆልፍ አማራጭም አላቸው፤ ብዙ ሰው የማይነካው መሆኑ ያስቆጫል።

ማኑዋል በልብስ ቀለም አይታለልም። ቤተ ዘመድ በየተራ ከሙሽሮች ጋር ቆሞ ሲነሣ፣ ፍላሹ በማቆሚያ ላይ ጃንጥላ ለብሶ ባለበት እስከተተከለ ድረስ፣ አንዴ የተስተካከለው ብርሃን ለመቶ ሰው ያገለግላል። ስቱዲዮ፣ የፓስፖርት ፎቶና የሸቀጥ ፎቶም እንዲሁ። እርስዎ ካሜራውን ይዘው ቢቀርቡም ቢርቁም ለውጥ የለውም፤ የሚቆጠረው ከፍላሹ እስከ ሰውየው ያለው ርቀት ነው። በመጠኑ ቢሳሳቱ እንኳ ስህተቱ በሁሉም ፎቶ ላይ አንድ ዓይነት ስለሆነ በኮምፒውተር በአንድ ጊዜ ይታረማል። የቲቲኤል ስህተት ግን በየፎቶው ስለሚለያይ አንድ በአንድ ተቀምጠው ያርሙታል። እኔ ከዋጋው ይልቅ ክብደት የምሰጠው ለዚህ ልዩነት ነው።

ድንኳን ውስጥ ግን ሁለቱም አያድኑም። ብርሃኑን ወደ ላይ ልከው ከጣሪያው እንዲመለስ ካደረጉ የሸራው ቀለም በሙሽሮቹ ፊት ላይ ያርፋል።

«ጀማሪ ማኑዋል ብቻ ይግዛ፣ ይማርበታል» የሚለውን ምክር አልቀበለውም። ቲቲኤል ያለው ፍላሽ ማኑዋልም አለው፤ መማር የፈለገ በእሱም ይማራል። እንጀራዎ ሠርግና ዝግጅት ከሆነ የመጀመሪያው ቲቲኤል ይሁን። አቅም ከፈቀደ ደግሞ እንደ ጎዶክስ ቪ860 ሦስተኛው ትውልድ ባትሪው ሊቲየም የሆነውን ይምረጡ፤ ቲቲኤል የለካውን መጠን በአንድ ቁልፍ ወደ ማኑዋል ያሻግርልዎታል። ቲቲ600 ከሙሽሮች ጀርባ በማቆሚያ የሚቆም ሁለተኛ ፍላሽ ሲሆን ያምርበታል፤ የሬዲዮ መቀበያ በውስጡ ስላለ ካሜራው ላይ በሚሰካ የሬዲዮ ማዘዣ (ትሪገር) ይታዘዛል። ሥራዎ በስቱዲዮ የተወሰነ ከሆነ ግን ለቲቲኤል ገንዘብ አያውጡ፤ በልዩነቱ ማቆሚያና ጃንጥላ ይግዙ። የስቱዲዮ መብራቶችዎ የሌላ ፍላሽ ብልጭታ ሲያዩ አብረው የሚበሩ ዓይነት ከሆኑ የቲቲኤል ቅድመ ብልጭታ ያለጊዜያቸው ሊያስነሣቸው ይችላል፤ ፎቶው ሲነሣ እነሱ ጨርሰው ይጠብቁዎታል።

ቲቲኤል የሚሠራው ፍላሹ ከካሜራዎ ብራንድ ጋር ሲገጥም ብቻ ነው፤ የካኖኑ ለኒኮን፣ የኒኮኑ ለሶኒ አይሆንም። ስለዚህ ካሜራዎን ይዘው ይሂዱ። ሱቁ ውስጥ አንድ ነጭ ጨርቅ ምስሉን እስኪሞላ ቀርበው በቲቲኤል ያንሡ፤ ከዚያ ማካካሻውን +1 አድርገው ይድገሙት። ሁለተኛው ፎቶ ካልነጣ ፍላሹ ከካሜራዎ ጋር እየተነጋገረ አይደለምና ገንዘብዎን አይክፈሉ።