በአንድ መሥሪያ ቤት መቆየት ወይስ ሥራ መቀየር?

የቀደመው ትውልድ በተቀጠረበት መሥሪያ ቤት ጡረታ መውጣትን እንደ ክብር ይቆጥረው ነበር፤ ዛሬ በአዲስ አበባ የግል ድርጅቶች ሁለት ሦስት ዓመት ሠርቶ መልቀቅ የተለመደ ሆኗል።

ደመወዝ፦ የነባር ሠራተኛ ዓመታዊ ጭማሪ ብዙ ጊዜ ከኑሮ ውድነቱ ጋር አይራመድም፤ ጉልህ ለውጥ የሚገኘው ተደራድሮ ሌላ ቦታ ሲገባ ነው።

ዋስትና፦ እዚህ ላይ ሚዛኑ ወደ መቆየት ያደላል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አዲስ ተቀጣሪ እስከ 60 የሥራ ቀናት በሙከራ ሊቆይ ይችላል፤ ለሥራው ተስማሚ ካልሆነም ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። በ16 የሥራ ቀናት ተጀምሮ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን የሚጨመርበት የዓመት ፈቃድም ከመነሻው ይቆጠራል። የጡረታ አገልግሎት ዘመን ግን አይጠፋም፤ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ እየተዋጣ ቀጥሎ ይያዛል። ይህን ባለማወቅ ብቻ በማይመቻቸው ሥራ ላይ የሚቀሩ ሰዎች ያሳዝኑኛል።

ውጣ ውረድ፦ የሚለቅ ሰው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፣ ንብረት አስረክቦ ክሊራንስ ያስፈርማል፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ያጽፋል። አንዲት የማውቃት ገንዘብ ያዥ ደመወዙ የሚበቃ ዋስ ስታፈላልግ አዲሱን ሥራ የምትጀምርበት ቀን ሊያልፍባት ጥቂት ቀርቶት ነበር።

የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ክፍያ በአንድ ደመወዝ ለሚሸፍን ሰው መቆየቱ ይሻላል። ሙያው ተፈላጊ ለሆነና የጥቂት ወራት መጠባበቂያ ላለው ወጣት ግን፣ አዲሱን ውል ከፈረመ በኋላ መልቀቂያ እስካስገባ ድረስ፣ መቀየሩ ያዋጣል።