የኢንሱሊን ፓምፑ ሲቆም፦ ግላርጂን (ቀኑን ሙሉ ቀስ ብሎ የሚሠራው ኢንሱሊን) ወይስ ፈጣኑ ኢንሱሊን ብቻ?

የኢንሱሊን ፓምፕ የሚሰጠው ፈጣኑን ብቻ ስለሆነ ሰውነት ውስጥ መጠባበቂያ የለም። በተቋረጠ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ኪቶን (ኢንሱሊን ሲጎድል ደም ውስጥ የሚከማች አሲድ) መጨመር ይጀምራል። ስለዚህ ስኳርና ኪቶን ተለክቶ ወዲያው ወደ መርፌ መሻገር ነው።

የግላርጂን ትልቁ ብልጫ ሌሊት ሳይነሱ መተኛት ማስቻሉ ነው። የፓምፑ የ24 ሰዓት ቤዛል (ከምግብ ውጭ ያለማቋረጥ የሚሰጠው ኢንሱሊን) ድምር 19 ዩኒት ከሆነ፣ ሐኪም ሌላ ካላዘዘ መነሻው 19 ዩኒት በአንድ መርፌ ነው፤ የምግቡ በፈጣኑ ይወሰዳል። ግን ቶሎ አይደርስም፤ የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ፈጣኑ መሸፈን አለበት። ደግሞ አንዴ ከተወጋ አይመለስም። ምትኩ ፓምፕ ከ6 ሰዓት በኋላ ቢመጣና ቤዛሉ ቢከፈት ሁለቱ ይደራረቡና ስኳር ይወርዳል፤ ግላርጂኑ 24 ሰዓት እስኪሞላው ቤዛሉ ተዘግቶ ይቆያል። ግላርጂንና ፈጣኑ ሁለቱም እንደ ውሃ የጠሩ ናቸውና የኢንሱሊን ብዕሩን አይቶ መውጋት ነው፤ 19 ዩኒት ፈጣን በስህተት መውሰድ ቀልድ አይደለም። በአንድ ሲሪንጅም አይቀላቀሉም።

ምትኩ ዛሬውኑ ከደረሰ ፈጣኑ ብቻ ይበቃል። የሰዓቱ ቤዛል 0.8 ከሆነ በየ4 ሰዓቱ 3 ዩኒት ገደማ፣ የምግቡ ለብቻው። ሌሊትም ማንቂያ ሞልቶ መነሳት ያስፈልጋል፤ አንድ ዙር ከተዘለለ ኪቶን ይመጣል። ነገሩ ሌሊቱን የሚሻገር ከሆነ ግላርጂን ይሻላል።

በሁለቱም መንገድ የደም ኪቶን 1.5 mmol/L ካለፈ ሐኪም ጋ መደወል፣ 3 ከደረሰ ወይም ማስመለስ ካለ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። የቤዛሉ ቁጥሮችም ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ስክሪኑ ከጠፋ ከፓምፑ ላይ ማየት አይቻልም።