ለማይጎትት ውሻ የአጎዛ ገመድ፦ ከደሴ ሰኞ ገበያ

ውሻዬ ዳማ ከእኔ ጋር የገመድ ጉተታ መጫወት የጀመረው በ250 ብር የአጎዛ ቁራጭ ነው። ከዚያ በፊት ሦስት ወር ሙሉ በ900 ብር የጎማ ቀለበት ስለምነው ነበር። ቀለበቱ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ይቀዘቅዛል፣ ከጎማ በቀር ምንም አይሸትም። ወደ አፉ ባስጠጋሁለት ቁጥር አንገቱን ያዞራል፣ ከንፈሩን ይልሳል፣ ጅራቱን ሸጉጦ አልጋ ሥር ይገባል። ዳማ ያደገው መንገድ ላይ ነው፤ እጁን ያነሣ ሰው ሁሉ ድንጋይ የሚወረውር ይመስለዋል።

መፍትሔውን ያሳየኝ ራሱ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ። አንዲት ደንበኛ ጠጉራም አንገትጌ ያለው ካፖርት ለጥገና ትታልኝ ሄደች፤ ዘወር ብዬ ስመለስ ዳማ አንገትጌውን በአፉ ይዞ ቆሟል። ለካ ጥርሱ የሚፈልገው ለስላሳና ጠጉር ያለው ነገር ኖሯል።

ሰኞ ዕለት ገበያ ወርጄ አንድ አጎዛ ሻጭ አባት ዘንድ ሄድኩ። ለውሻ መሆኑን አስቀድሜ ነገርኳቸው፤ ለመስገጃ ከሚሸጡት ላይ እንዲቆረጥ አልፈለግኩም። እርሳቸውም «ይሄ ይበቃሻል ልጄ» ብለው ከጥግ ቁራጭ አወጡልኝ። ስፋቱ አራት ጣት፣ ርዝመቱ አንድ ክንድ ተኩል ነው። እጀታውን በጠፍር ሊሠሩልኝ ነበር፤ ጠፍር ለውሻ ምግብ ስለሆነ በጥጥ ገመድ እንዲገምዱልኝ ለመንኳቸው። እጀታው እጅ አይልጥም፤ ርዝመቱም ከውሻው ራቅ ብሎ ለመቀመጥ ያስችላል። ለፈሪ ውሻ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አጠቃቀሙን ግን ልንገራችሁ፤ እኔ የደከምኩት እዚህ ላይ ነውና። ወደ አፉ አትግፉት። ከውሻ የሚሸሽ ነገር እንጂ ወደ ውሻ የሚመጣ ነገር አይታደንም። እኔ ወለል ላይ ተቀምጬ፣ ጎኔን ሰጥቼው፣ ዓይኑን ሳላይ አጎዛውን መሬት ለመሬት አስኬደዋለሁ። ሮጥ፣ ቆም፣ ከወንበሩ እግር ኋላ ተደብቆ እንደ አይጥ ንቅንቅ። የመጀመሪያውን ቀን ጆሮውን ብቻ አቆመ። በአራተኛው ቀን በመዳፉ ረገጠው። በስድስተኛው ቀን ነከሰው፤ ያን ጊዜ ወዲያው ለቀቅኩለት። ይዞ ሮጦ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞረና መልሶ እግሬ ሥር ጣለው። አለቀስኩ።

ጎረቤቴ «ካሸነፈሽ ይንቅሻል» ብላኛለች። እኔ ያየሁት ሌላ ነው፤ ባሸነፈ ቁጥር ወደ እኔ ይመጣል። አሁን ትንሽ ትንሽ እጎትታለሁ፤ አንገቱ እንዳይጎዳ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ያውም ቀስ ብዬ። «ልቀቅ» ስለው በቁራጭ ሥጋ እለውጠዋለሁ። ሳይጠግብ፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አቆምና አጎዛውን ቁም ሣጥን ላይ እሰቅለዋለሁ። ሲጫወት ያጉረመርማል፤ ሰውነቱ ልል፣ ጅራቱም የሚወዛወዝ ከሆነ አልሰጋም።

ጉድለቱን አልደብቅም። ስፌት ላይ ዓይኔ ይፈጥናል፤ አጎዛውና እጀታው የተጋጠሙበት ቦታ በቀጭን ክር የተሰፋ ነበርና በሁለት ሳምንት ተተረተረ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ክር የዋጠ ውሻ አንጀቱ ሊተበተብ፣ ሊሞትም ይችላል። ፈትቼ በወስፌና በጅማት ደግሜ ሰፋሁት፤ ከዚያ ወዲህ አልተነቃነቀም። ጠጉሩም ይነቀላል፤ ስለዚህ ብቻውን ትቼለት አልሄድም። ሌላው የደሴ ጉምና ዝናብ ነው። ከረጠበ ይሸታል፣ ሲደርቅም እንደ ጣውላ ይገተራል። ምድጃ አጠገብ አታድርቁት፤ ጥላ ላይ አስጥታችሁ በእጃችሁ እሹት። ሞቅ ባለው በኮምቦልቻ ያላችሁ በዚህ ብዙ የምትቸገሩ አይመስለኝም።

የጎማ ቀለበቱን ሳይፈራ ለሚጎትት ለእህቴ ውሻ ሰጠሁት። ለዳማ በሚቀጥለው ሰኞ ሁለተኛ አጎዛ እቀበላለሁ፤ ርዝመቱ ሁለት ክንድ እንዲሆን አዝዣለሁ፣ ጅማቱንም ራሴ ይዤ እሄዳለሁ።