የአራስ ሕፃን የታይሮይድ ምርመራ፦ ጠብታዋ ትመሰገናለች፣ የውጤት ወረቀቱ ይወቀሳል

ከሕፃኑ ተረከዝ በሚወሰድ ጥቂት ደም የሚሠራው የታይሮይድ ልየታ የተጣለበትን ሥራ በሚገባ ይወጣል። የታይሮይድ ዕጢው ሳይሠራ የተወለደ ሕፃን መጀመሪያ ላይ ጤነኛ ይመስላል፤ ከእናቱ ያገኘው ሆርሞን ምልክቱን ይሸፍነዋል። ችግሩ ከ2,000 እስከ 4,000 ከሚሆኑ ሕፃናት በአንዱ ይገኛል። መድኃኒቱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከተጀመረ ችግሩ የሚያስከትለውን የአእምሮ ጉዳት መከላከል ይቻላል። ለምርመራው ሙሉ ነጥብ እንሰጣለን። ነጥብ የምንቀንሰው ለቤተሰብ በሚሰጠው ወረቀት ላይ ነው።

ዋናው ጉድለት ብዙ ላቦራቶሪዎች ከሕፃኑ ቁጥር ጎን የአዋቂ ሰው መለኪያ ማተማቸው ነው። ቲኤስኤች (የታይሮይድ ዕጢን ለሥራ የሚቀሰቅሰው ሆርሞን፣ ዕጢው ሲደክም ከፍ የሚል) ለአዋቂ ከ0.4 እስከ 4 ሚሊ ዩኒት በሊትር አካባቢ ነው። አራስ ሕፃን ግን በተወለደ በ30 ደቂቃ ውስጥ ከ60 እስከ 80 ይደርሳል፣ በ24 ሰዓት ወደ 20 ገደማ ይወርዳል፣ ከዚያም በቀናት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ በ14ኛው ሰዓት የተገኘ 25 እና በ10ኛው ቀን የተገኘ 25 ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ምርመራውን መድገም ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ያስቸኩላል። ወረቀቱ ላይ ደሙ የተወሰደበት ሰዓት ከሌለ ቁጥሩን ለመተርጎም አይሞክሩ፤ ሰዓቱን ጠይቁ። ጥሩው ጊዜ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ነው።

ሌላው አሳሳች ነገር የናሙናው ዓይነት ነው። በማጣሪያ ወረቀት ላይ የደረቀ ሙሉ ደም የሚሰጠው ቁጥር ከሴረም (የደም ሴሎቹ ከተለዩ በኋላ ከሚቀረው ፈሳሽ) ቁጥር በግማሽ ገደማ ያንሳል። በጠብታዋ 15 ያለ ሕፃን በደም ሥር ሲመረመር 32 ቢሆን ባሰበት ማለት ላይሆን ይችላል። የፍሪ ቲፎር (የታይሮይድ ዕጢ ራሱ የሚያመነጨው ሆርሞን) መለኪያም እንዲሁ ያደናግራል፦ 1.2 ናኖግራም በዴሲሊትር እና 15.4 ፒኮሞል በሊትር አንድ ናቸው።

ወረቀቱ ላይ «ናሙናውን አልተቀበልንም» ከተባለ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአወሳሰዱ ነው። አልኮሉ ሳይደርቅ ተወግቶ ደሙ ቀጥኗል፣ በአንድ ክብ ላይ ጠብታ በጠብታ ተደርቧል፣ ወይም ደሙ ወደ ጀርባው አልዘለቀም። የማጣሪያ ወረቀቱ ካርድ ተዘርግቶ ቢያንስ 3 ሰዓት በጥላ መድረቅ አለበት።

ቲኤስኤች ከፍ ካለ ማረጋገጫው ከደም ሥር የሚወሰድ ቲኤስኤች እና ፍሪ ቲፎር ነው። ቲኤስኤች ከፍ ብሎ ፍሪ ቲፎር ካነሰ ሕክምናው ወዲያው ይጀመራል። በልየታው 40 እና ከዚያ በላይ ከተገኘ ደግሞ ማረጋገጫው ደም ተወስዶ ውጤቱ ሳይጠበቅ መድኃኒቱ ይሰጣል፤ እዚህ ላይ «እስኪ ሳምንት እንየው» የሚል ምክር አንቀበልም። መድኃኒቱ ሌቮታይሮክሲን በቀን ከ10 እስከ 15 ማይክሮግራም በኪሎ ነው፦ ለ3 ኪሎ ሕፃን ከባለ 25 ማይክሮግራሙ ክኒን አንድ ተኩል፣ ማለትም 37.5 ማይክሮግራም፣ በመካከል ይውላል። ክኒኑ ተደቅቆ በጥቂት ውኃ ወይም በእናት ጡት ወተት በማንኪያ ይሰጣል። ጡጦ ሙሉ ወተት ውስጥ ከገባ ሕፃኑ የተረፈውን ያህል መጠን ያጣል። ብረት፣ ካልሲየምና የአኩሪ አተር ወተት መድኃኒቱ እንዳይመጠጥ ስለሚያደርጉ ከእሱ ጋር በተመሳሳይ ሰዓት አይሰጡም። ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ደሙ እንደገና ይታያል።

ልየታው የሚያመልጠውም አለ። ቲኤስኤች ብቻ የሚለካ ከሆነ ችግሩ ከፒቱታሪ ዕጢ (ቲኤስኤችን ከሚያመነጨው የአንጎል ሥር ዕጢ) የሆነን ሕፃን «ደህና» ይለዋል። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ቲኤስኤች ዘግይቶ ሊወጣ ስለሚችል በ2 ሳምንቱ ይደገማል። ደም የሚጋሩ መንትዮችም እንዲሁ፣ የጤነኛው ሆርሞን የታመመውን ሊሸፍን ይችላል። በአንጻሩ እምብርቱ ወይም ቆዳው በአዮዲን ከታጠበ ዕጢው ለጊዜው ሰንፎ ቲኤስኤቹ ከፍ ሊል ይችላል። እናት የታይሮይድ መድኃኒት ከወሰደች ወይም ሕፃኑ ደም ከተሰጠው ለላቦራቶሪው ቀድሞ ይነገር፤ የናሙናው ካርድ ይህን የሚጽፉበት ቦታ ከሌለው በጠርዙ ላይ በእጅ ያስጽፉት።