ፐርኪንስ ብሬለር በባሕር ዳር መደበኛ ክፍል፦ ከቁም ሣጥን ከወጣ ዋጋውን ያወጣል

ፍርዱን አስቀድሞ መናገር ይሻላል። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ላለ ዓይነ ስውር ተማሪ ከፐርኪንስ ብሬለር፣ ማለትም በቁልፍ እየተመታ ብሬል ከሚጽፈው ማሽን፣ የሚሻል መጻፊያ የለም። ከባድ ነው፣ ይጮኻል፣ ዋጋውም በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው፤ ቢሆንም ለዚህ ዕድሜ ይገባዋል። ገንዘቡ የሚባክነው ማሽኑ ተገዝቶ መጥቶ መደበኛ ክፍሎችን የሚያግዘው የድጋፍ መስጫ ማዕከል ቁም ሣጥን ውስጥ ሲቆለፍበት ነው።

ፐርኪንስ እ.ኤ.አ. በ1951 ከወጣ ወዲህ አሠራሩ ብዙም አልተለወጠም። መብራት አይፈልግም፤ ባሕር ዳር ላይ መብራት ቢጠፋም ልጁ ጽሑፉን ይቀጥላል። መሃል ላይ ሰፊው የክፍተት ቁልፍ አለ። ከእሱ ወደ ግራ የብሬል ነጥብ 1፣ 2፣ 3 ቁልፎች፤ ወደ ቀኝ የ4፣ 5፣ 6 ይደረደራሉ። በግራ ዳር መስመር ማውረጃው፣ በቀኝ ዳር ወደ ኋላ መመለሻው ይገኛል። የግራ እጅ ጠቋሚ ጣት 1ን፣ የመሃል ጣት 2ን፣ የቀለበት ጣት 3ን ይይዛል፤ ቀኝ እጅም በዚያው ቅደም ተከተል 4፣ 5፣ 6ን። የፊደሉን ነጥቦች አንድ ላይ ሲጫኑ ሙሉ ሴል (የስድስቱ ነጥቦች ቦታ) በአንድ ምት ይወጣል። የ1ኛ ክፍል ልጅ የቀለበት ጣቱ ደካማ ስለሆነ ነጥብ 3 እና 6 ደብዝዘው ይወጡበታል፤ በዚህ ጊዜ ማሽኑ ተበላሽቷል ማለት ስህተት ነው። ፊደል ከመጀመሩ በፊት ለጥቂት ሳምንታት በቀን 10 ደቂቃ ስድስቱን አንድ ላይ፣ ከዚያ 1-2-3 ብቻ፣ ከዚያ 4-5-6 ብቻ ማስመታት ጣቱን ያጠነክረዋል።

ከስሌትና ስታይለስ፣ ማለትም ወረቀት ከሚያዝበት ባለ ቀዳዳ ገበታና ነጥብ ከሚወጋበት የእጅ መውጊያ፣ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ፍጥነት ብቻ አይደለም። በስሌት የሚጻፈው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ ወረቀቱ ተገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። «ልብ» ብሎ ለመጻፍ ልጁ የ«ል»ን ነጥቦች፣ 1-2-3ን፣ በሴሉ ቀኝ በኩል አንድ በአንድ ሦስት ጊዜ ይወጋል፤ ሲያነበው ግን ነጥቦቹ በግራ በኩል ናቸው። ፊደል ገና በመለየት ላይ ያለ የ7 ዓመት ልጅ የአንድን ፊደል ሁለት ገጽታ በአንድ ጊዜ እንዲይዝ ይገደዳል ማለት ነው። በፐርኪንስ ነጥቡ ወደ ላይ ስለሚወጣ ልጁ የጻፈውን እዚያው በጣቱ ያነባል፤ አጠገቡ የቆመው መምህርም በዓይኑ ያያል። በሂሳብ ጥቅሙ ይጎላል። ቁጥሮችን አንዱን ከአንዱ ሥር ደርድሮ ለመደመር ከላይ ያለውን መስመር ደጋግሞ መዳሰስ ያስፈልጋል፤ በስሌት ይህን ለማድረግ በየጊዜው ወረቀት ማውጣትና መልሶ ማስገባት ግድ ይላል።

የአማርኛ ብሬል አናባቢውን ለብቻ ስለሚጽፍ ቦታ ይፈጃል። ሳድስ ፊደል በአንድ ሴል ይጻፋል፤ ሌሎቹ ተነባቢና አናባቢ ሆነው ሁለት ሴል ይወስዳሉ። «ትምህርት» ሁሉም ሳድስ ስለሆነ በ5 ፊደል 5 ሴል ነው። «ተማሪዎቻችን» ግን በ7 ፊደል 12 ሴል ይሆናል። ባለ 28 ሴል ስሌት ላይ ይህ ቃል ብቻውን የመስመሩን ግማሽ ሊይዝ ምንም አይቀረው፤ የፐርኪንስ መስመር 42 ሴል ይይዛል። ፈተና የሚያወጣ መምህር ይህን ሂሳብ ማወቅ አለበት። አንድ ገጽ የቀለም ጽሑፍ በብሬል ብዙ ገጽ ይሆናል፤ ስለዚህ ተጨማሪ ሰዓት መስጠት ከመምህሩ ቸርነት ጋር አይገናኝም፣ የጽሕፈቱ ባሕርይ ያስገድዳል።

ወረቀት ማስገባት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መጀመሪያ በግራና በቀኝ ያሉትን ማዞሪያዎች ከራስ አርቆ እስከ መጨረሻው ማዞር። የወረቀት መልቀቂያዎቹን ሁለት ማንሻዎች ወደ ራስ መሳብ። ወረቀቱን ከግራው መከልከያ አስጠግቶ ማስገባት፤ ማንሻዎቹን መልሶ መግፋት። ከዚያ ማዞሪያዎቹን ወደ ራስ እስኪቆሙ አዙሮ መስመር ማውረጃውን አንድ ጊዜ መጫን። አንዱ ማንሻ ክፍት ከቀረ ወረቀቱ እየጠመመ ይሄዳል፤ ልጁም መስመሩን በጣቱ ተከትሎ ማንበብ ያቅተዋል። ወረቀቱ 140 ግራም አካባቢ ወፍራም መሆን አለበት። የፎቶ ኮፒ ወረቀት ለአንድ ቀን ልምምድ ይሆናል እንጂ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲዳሰስ ነጥቡ ይተኛል።

እዚህ ላይ የጣና ነገር ይነሳል። በክረምት እርጥበት የብሬል ወረቀት ይለሰልሳል፣ ነጥቡም ቶሎ ይጠፋል። ወረቀቱን ከሲሚንቶ ወለል አንስቶ በፕላስቲክ ጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል። ማሽኑም ሐምሌና ነሐሴን ያለ ልብስ ካሳለፈ መስከረም ላይ ቁልፎቹ እየያዙ ይመጣሉ። ከማስቀመጥ በፊት ወረቀቱን ማውጣት፣ ነጥብ የሚወጋውን ራስ ወደ ቀኝ ዳር ወስዶ ማቆም፣ ልብሱን ማልበስ። ቁልፍ ያዘ ብሎ ዘይት መጨመር ግን ትልቅ ጥፋት ነው፤ ዘይቱ አቧራ ሰብስቦ ውስጡን ያጣብቀዋል።

ክብደቱ 5 ኪሎ ገደማ ነው። ልጅ ተሸክሞ ከቤት ትምህርት ቤት አይመላለስበትም፤ በባጃጅ ከተጫነም ኮብልስቶኑ ላይ እንዳይዘል ጭን ላይ መያዝ አለበት። ተዳፋት የሆነው የተለመደው ዴስክ ላይ ይንሸራተታል። ሥሩ ወፍራም ስፖንጅ ወይም የተጣጠፈ ብርድ ልብስ ሲነጠፍ መንሸራተቱም ጩኸቱም አብረው ይቀንሳሉ። ጩኸቱ ክፍሉን ይረብሻል ብሎ ልጁን በረንዳ ላይ ወይም ኋላ ጥግ ማስቀመጥ አካቶ ትምህርትን (ልጁን ከሌሎች ጋር በአንድ ክፍል ማስተማርን) ከሥሩ ያፈርሰዋል። ቦታው ፊት ለፊት፣ መምህሩ ከቆመበት አጠገብ ነው። ተማሪዎቹ በሳምንት ውስጥ ድምፁን ይለምዱታል።

ወደ ቁም ሣጥኑ እንመለስ። ማሽኑ በሞዴል 19 ገቢ ይሆንና በሞዴል 22 ለመምህር ወጪ መደረግ ሲገባው መምህሩ ቢሰበር ክፈል እባላለሁ ብሎ አይፈርምም። ማዕከሉ ውስጥ ይቀራል፤ ልጁ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከክፍሉ ወጥቶ ይጠቀምበታል፤ በቀሪው ሰዓት ጓደኞቹ ሲጽፉ እጁን አጣጥፎ ያዳምጣል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 24 ብሬል መማር እንዲመቻች ያዛል። ድጋፍ መስጫ ማዕከልም የታሰበው የጉድኝት ትምህርት ቤቶቹን መደበኛ ክፍሎች እንዲያግዝ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በመደበኛ አጠቃቀም የሚደርስ ብልሽት መምህሩን እንደማያስጠይቅ ርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ ያረጋግጥለት፤ ማሽኑ ጠዋት ወደ ክፍል፣ ከሰዓት ወደ ማዕከል ይመለስ።

የክፍሉ መምህር ብሬል ካላነበበም ማሽኑ ዋጋውን ያጣል። መምህሩ በጣቱ ማንበብ አይጠበቅበትም፤ ስድስቱን ነጥቦች በዓይኑ መለየት ይበቃዋል፣ ይህም በጥቂት ሳምንታት የሚለመድ ነገር ነው። እስከዚያው የማዕከሉ ባለሙያ የልጁን ደብተር ወስዶ በየሴሉ አናት ላይ ፊደሉን በእርሳስ ይጻፍለት፤ ግን በዚያው ቀን። እርማቱ ከሳምንት በኋላ ሲመለስ ልጁ ስህተቱን ረስቶታል። ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ሁሉ ጮክ ተብሎ መነበብ አለበት። «ይህን ከዚህ ስንቀንስ» ሲባል ልጁ የሚጽፈው የለውም፤ «ከ42 ላይ 17 ስንቀንስ» ሲባል ግን ከክፍሉ እኩል ይሄዳል።

ስሌቱንም አትጣሉት። ከ4ኛ ክፍል በኋላ ልጁ ለቤት ሥራ ቦርሳው ውስጥ የሚይዘው እሱን ነው። ለዘጌ ወይም ለደቅ ደሴት ትምህርት ቤት የሚገዛ ሰውም ከአንድ ፐርኪንስ ጋር ለእያንዳንዱ ተማሪ ስሌት ቢጨምር ይሻላል፤ ማሽኑ ቢበላሽ ለጥገና በጀልባ እስኪሄድና እስኪመለስ ትምህርቱ አይቆምም።

ሞዴል 19 ከመፈረሙ በፊት ንብረት ክፍሉ ብሬል የሚያነብ ሰው ይጥራ። ወረቀት ይግባ፣ ስድስቱም ቁልፎች አንድ ላይ እየተመቱ አንድ ሙሉ መስመር ይሞላ፤ ከመስመሩ መጨረሻ ጥቂት ሴል ሲቀር ደወሉ መጮኽ አለበት። ከዚያ መስመሩ በጣት ይዳሰስ። ከዳር እስከ ዳር አንዱ ነጥብ ከሌሎቹ ዝቅ ብሎ ከተገኘ ማሽኑ ለሻጩ ይመለስ።