የሮም ሳምንታችንን ላሰናዳችልን እኅታችን ምስጋና፣ ወደዚያ ለምትሄዱም ጥቆማ

ባለፈው ጥቅምት ከእናቴ፣ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ከአዲስ አበባ ተነሥተን ሮምን አንድ ሳምንት ጎብኝተናል። ጉዞውን ከመነሻው እስከ መጨረሻው ያቀደችልን እዚያው ሮም ለረጅም ዓመታት የኖረች፣ ለቤተሰቦች የጉብኝት ዕቅድ በማዘጋጀት የምትተዳደር ኢትዮጵያዊት እኅታችን ናት። ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ ፍላጎቷን አክብሬያለሁ፤ ስለ ሥራዋ ግን ዝም ብዬ ባልፍ ውለታ ቢስ መሆን ይሆንብኛል።

ገና ስለ ክፍያ ሳንነጋገር ረጅም ሰዓት በስልክ ጠየቀችን። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ሳታርፍ ምን ያህል መራመድ እንደምትችል፣ ረቡዕና ዓርብ የሚጾመው ማን እንደሆነ፣ ልጆቹ በትምህርት ቤት ስለ ሮም ምን እንደተማሩ አንድ በአንድ መዘገበች። ልጆቹ ፍሎረንስንም ፖምፔንም ለማየት ይጓጉ ስለነበር፣ ሁለቱን ከጨመርን እናቴ ከሳምንቱ ግማሹን በባቡር ውስጥ እንደምታሳልፍ በትሕትና አስረድታ፣ ሁሉንም ቀን ለሮም እንድንሰጥ መከረችን። ብዙ ቦታ እንድትሸጥልን ስንጠብቅ እንድንቀንስ መምከሯ ገና ከጅምሩ እምነታችንን እንድንጥልባት አድርጎናል።

የቀናቱ አደራደር ሙያዋን በግልጽ ያሳያል። የቫቲካን ሙዚየሞች ከወሩ የመጨረሻ እሑድ በስተቀር እሑድ ዝግ ናቸው፤ በዚያች እሑድ ደግሞ መግቢያው ነጻ ስለሆነ ሰልፉ እናቴን ይዘን የምንችለው አይደለም። ረቡዕ ጠዋት ጳጳሱ በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ምእመናንን ሲቀበሉ ባዚሊካው፣ ማለትም ታላቁ የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን፣ ለጎብኚ አይከፈትም። የቦርጌዜ ጋለሪ የተባለው የሥነ ጥበብ ሙዚየም ሰኞ ይዘጋል፤ በሌሎቹም ቀናት አስቀድሞ ቀጠሮ ላልያዘ ሰው ቦታ የለም። የኮሎሴየም ቲኬት በየጎብኚው ስም ስለሚቆረጥ ስማችንን ከፓስፖርታችን ጋር ፊደል በፊደል አመሳከረች። ሁሉንም ቲኬት ከየተቋማቱ ይፋዊ ገጽ በስማችን ከገዛች በኋላ ደረሰኙን እየላከችልን ነበር። የፎረሙ፣ ማለትም የጥንታዊቷ ሮም አደባባይ ፍርስራሽ፣ ድንጋያማ መንገድ ለእናቴ እንደማይመች ስላወቀች፣ እኛ ወደ ውስጥ ገብተን ስንዞር እናቴና ባለቤቴ ከካምፒዶሊዮ ኮረብታ ጀርባ ካለው መመልከቻ ላይ ሆነው ፍርስራሹን ሁሉ ቁልቁል እንዲያዩት አድርጋለች።

ከሁሉም አብልጬ የማመሰግናት ግን ሮም ውስጥ ለሚገኘው ለእኛ ታሪክ አንድ ሙሉ ቀን ስለመደበችለት ነው። በተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር ለደመሰሳቸው የጣሊያን ወታደሮች መታሰቢያ የተሰየመ ነው። ለእነርሱ የቆመው ከግብፅ የመጣ ሐውልትም ከዚያው አቅራቢያ ይገኛል። በፋሺስት ወረራ ዘመን ከአዲስ አበባ ተዘርፎ የተወሰደው የይሁዳ አንበሳ የተቀመጠው በዚሁ መታሰቢያ ሥር ነበር፤ ዘርዓይ ደረስ እ.ኤ.አ. በ1938 ሰይፉን የመዘዘውም እዚያው ነው። እናቴ ታሪኩን ከአባቷ እየሰማች ያደገች ናት። እኅታችን ያዘጋጀችው ወረቀት ላይ ስለ ቦታው አጭር ማብራሪያ ተጽፎ ነበር፤ ሆኖም እናቴ ወረቀቱን ለባለቤቴ ሰጥታ፣ ምርኩዟን ተደግፋ፣ ለልጆቹ ራሷ ተረከችላቸው። ልጆቼ በዚያ ሳምንት እንደዚያ ጸጥ ብለው ያዳመጡት ሌላ አስጎብኚ አልነበረም።

ከዚያ በሜትሮው የቢ መስመር ቺርኮ ማሲሞ ወርደን የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ያለውን የፖርታ ካፔና አደባባይ አየን። የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1937 ተተክሎ ለአሥርተ ዓመታት የቆመው እዚህ ነበር፤ በ2005 ወደ አገሩ ተመልሶ በ2008 አክሱም ላይ ዳግም ቆሟል። በቫቲካን ግንብ ውስጥ ያለው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የኢትዮጵያውያን መነኮሳት ማረፊያ የነበረ ነው። አባ ተስፋ ጽዮን እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ ያሳተሙት በዚያ ሲኖሩ ነበር። በፈለጉት ሰዓት የሚገባበት ቦታ ስላልሆነ፣ ከባዚሊካው ጉልላት ላይ ሆነን ቁልቁል እንድናየው አቅዳልናለች። ሙሉ በሙሉ በእግር ለሚወጣ 551 ደረጃ አለው፤ አሳንሰሩም የሚያደርሰው እስከ ሰገነቱ ብቻ ነው። እናቴ ያንን ሰዓት ባዚሊካው ውስጥ፣ ማይክል አንጀሎ የቀረጻት እመቤታችን ልጇን ታቅፋ በምትታይበት ምስል አጠገብ በጸሎት አሳለፈች።

የጾሙ ነገር ብዙ ተጓዦችን የሚያስጨንቅ ስለሆነ በዝርዝር ልናገር። በረቡዕና በዓርብ ገጽ ላይ ለእናቴ የሚሆነው ምግብ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል፦ አይብ የሌለበት፣ በቲማቲም፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በኦሬጋኖና በዘይት ብቻ የሚሠራው ፒዛ ማሪናራ፤ በእንቁላል ከተለወሰው ይልቅ ደረቁ ፓስታ በቲማቲም ስጎ። ለአስተናጋጁ የሚነገረውንም «ሴንሳ ፎርማጆ፣ ሴንሳ ኡኦቫ» (ያለ አይብ፣ ያለ እንቁላል) ብላ በፊደላችን ስለጻፈችልን እናቴ ራሷ እያነበበች ታዝዝ ነበር። ውኃ በየቦታው መግዛት እንደማያስፈልግም ነግራናለች፤ በከተማው መንገዶች ላይ ከ2,000 በላይ የሚጠጣ ውኃ የሚያፈስሱ ቧንቧዎች አሉ። አፉን በጣት ሲደፍኑት ውኃው ከላይ ባለው ቀዳዳ ወደ አፍ ይፈናጠራል፤ ልጆቹ ይህን ካወቁ በኋላ አንዱንም ዝም ብለው አላለፉም።

ስለ ታማኝነቷም መመስከር አለብኝ። በጣሊያን ጎብኚን እየመሩ ማስረዳት የሚቻለው ፈቃድ ላለው አስጎብኚ ብቻ ስለሆነ፣ እርሷ ዕቅድ አዘጋጅ እንጂ አስጎብኚ እንዳልሆነች ገና በመጀመሪያው ንግግራችን ነግራን፣ ለኮሎሴየምና ለቫቲካን ፈቃድ ያላቸውን ባለሙያዎች አገናኝታናለች። ለሼንገን ቪዛ ማመልከቻችን የየቀኑን ዕቅድ አሰናድታ፣ የጉዞ ዋስትናው ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን እንዳለበት አሳስባናለች፤ ውሳኔው የኤምባሲው መሆኑን ግን በግልጽ ተናግራ በቪዛ ስም አንድም ሳንቲም አልተቀበለችም። የሥራዋ ዋጋም ቀድሞ የተስማማንበት ነው፤ በመጨረሻ የተጨመረ ነገር አልነበረም።

ብቻዋን ስለምትሠራ በአንድ ወቅት የምትቀበለው ጥቂት ቤተሰብ ብቻ ነው፤ እሑድም ለመልእክት አትመልስም። ስለዚህ በተለይ በፋሲካ ሰሞን ወይም በክረምቱ የትምህርት ቤት ዕረፍት ለመሄድ ያሰባችሁ ከወራት በፊት ብታነጋግሯት ይሻላል። አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። እኅታችን ሆይ፣ እናቴ «ልጄን አመስግኚልኝ» ብላኛለችና፣ የእርሷንም የእኛንም ምስጋና እነሆ በአደባባይ ተቀበይን።